ሐዲድ ጠጋኙ ገጣሚ

የዛሬው ባለታሪክ ባቡር ነጂ አይደለም፤ ባቡሩ ሲያልፍ ዳር ይዞ የሚቆም ሰው ነው። አሌክሳንደር አንደርሰን በስኮትላንድ፣ ከግላስጎው ወደ ካርላይል በሚወስደው መስመር ላይ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። በዚያ ዘመን ሐዲዱ በብረት መቀመጫ ላይ አርፎ በእንጨት ሽብልቅ ይጠብቅ ነበር። በደረቅ ወራት እንጨቱ ይኮማተርና ሽብልቁ ይላላል። ስለዚህ ሠራተኛው መዶሻውን ተሸክሞ መስመሩን በእግሩ ያዳርሳል፤ የላላውን ይመታል፣ የሰረገውን በጠጠር ይሞላል፣ ባቡር ሲመጣ ገለል ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1845 ከርክኮነል በምትባል መንደር ሲወለድ አባቱ ጄምስ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። ከወንዶቹ ልጆች ስድስተኛውና የመጨረሻው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ክሮኬትፎርድ ሄደ፤ ፊደልም እዚያው ቆጠረ። በ16 ዓመቱ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ እንደ አባቱ ድንጋይ ፈለጠ፤ በ1862 ገደማ የባቡር ኩባንያው ቀጠረው።

ከሥራ መልስስ? ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ ያጠና ነበር፤ ያውም የየቋንቋውን ታላላቅ ድርሰቶች ያለ ትርጉም እስኪያነብ ድረስ። ከ1870 ጀምሮ በዳንዲ ለሚታተመው «ፒፕልስ ፍሬንድ» መጽሔት ግጥም ላከ። የብዕር ስሙን «ሰርፌስማን» አለው፤ የሥራ መደቡ ስም ነው። በ1873 የወጣው የመጀመሪያ መድበሉ፣ 1000 ቅጂ፣ በሁለት ሳምንት አለቀ። በ1878 ደግሞ የባቡር ግጥሞቹን ሰብስቦ አሳተመ።

ሕዝብ የወደደለት ግን ስለ ባቡር የጻፈውን አይደለም። «ከድል ዱን» የተሰኘው ግጥሙ፣ በስኮትኛ፣ አልተኛም ብለው የሚንጫጩ ወንዶች ልጆችን «አባታችሁ መጣላችሁ!» እያለች የምታስተኛ እናትን ያሳያል። አባትየው ይገባል፤ ልጆቹም ጸጥ ይላሉ፣ ለጊዜው። ይህን የጻፈው ዕድሜውን ሙሉ ያላገባ ሰው ነው! ከየት አመጣው? ምናልባት ያ በወንድሞቹ መካከል የተኛው የመጨረሻ ልጅ አልረሳ ይሆናል።

በ1880 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ረዳት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አደረገው፤ ኋላም ዋናው ሆነ። ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። የሚያሳዝነው ግን፣ መጻሕፍት ከከበቡት በኋላ የጻፈው ጥቂት ነው። በ1909 ኤድንብራ ውስጥ አረፈ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በከርክኮነል ሐውልት ቆመለት። የመንደሯ ባቡር ጣቢያም ዛሬ ይሠራል።