የሦስቱ ታላላቅ የምራቅ እጢዎች ረቂቅ አሠራር



ቶሞካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ፒያሳ ላይ ቡና መቁላት ከጀመረ ወዲህ፣ ሽታው ስንቱን መንገደኛ ሳይቀምስ ምራቁን አስውጦታል። ይህን በሽታ ብቻ የሚነሣ ምራቅ በይበልጥ የሚያፈልቀው ከመንጋጋ ሥር ያለው እጢ ነው። ያው መንገደኛ ወደ ቀድሞው አትክልት ተራ ወርዶ ሎሚ ቢመጥ ኖሮ ግን ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው ፓሮቲድ፣ ማለትም ጆሮ ደግፍ ሲይዝ የሚያብጠው እጢ፣ በብርቱ በሠራ ነበር። የሦስቱ እጢዎች ልዩነት በማይክሮስኮፕ ሥር ጎልቶ ይታያል።

የአዋቂ ሰው ፓሮቲድ ከሞላ ጎደል ውሃማ ምራቅ በሚያመነጩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሄማቶክሲሊንና በኢዮሲን ሲቀለሙ ግርጌያቸው ይጠቁራል፤ አስኳላቸው ክብ ነው፤ አናታቸውም በኢንዛይም ፍሬዎች የተሞላ ነው። በመካከላቸው ከዕድሜ ጋር የሚበዛ ስብ ይገኛል። ከመንጋጋ ሥር ያለው እጢ ድብልቅ ሲሆን ውሃማው ያመዝናል። ከምላስ ሥር ባለው ደግሞ ልጋጋማው ይበዛል፤ ሕዋሳቱ የነጡ፣ አስኳላቸውም ወደ ግርጌ ተገፍቶ የተጨፈለቀ ነው። ሶዲየምን መልሰው የሚመጡት ባለ መስመር ቱቦዎች በሁለቱ እጢዎች ይጎላሉ፤ በሦስተኛው ግን እምብዛም አይታዩም።

በድብልቆቹ እጢዎች ውስጥ ውሃማዎቹ ሕዋሳት ልጋጋማዎቹን እንደ ግማሽ ጨረቃ ከብበው ይታያሉ። ጣልያናዊው ጃኑዚ በ1865 የገለጸው ይህ ቅርጽ ከመቶ ዓመት በላይ ሲማሩበት ኖረ። በ20ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግን በፍጥነት በማቀዝቀዝ የተዘጋጁ ናሙናዎች ሌላ ነገር አሳዩ፤ ሁለቱም ዓይነት ሕዋሳት ጎን ለጎን ተሰልፈው ወደ መካከለኛው ቦይ ይደርሳሉ። በተለመደው የፎርማሊን ዝግጅት ልጋጋማዎቹ አብጠው ጎረቤቶቻቸውን ወደ ጠርዝ ይገፏቸዋል። ጨረቃዋ፣ እንግዲህ፣ በአመዛኙ የቤተ ሙከራ ሥራ ናት።

መርማሪው ይህን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ዓይን የለመደውን ያያልና። አሲኒክ ሴል ካርሲኖማ የተባለው የካንሰር ዓይነት ሕዋሳቱ ጤነኛውን የፓሮቲድ ሕዋስ እጅግ ይመስላሉ። በመርፌ በተቀዳ ጥቂት ናሙና የሚለያቸው ብዙውን ጊዜ አጠገባቸው ያለው ነው። ጤነኛው እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ ከቱቦዎችና ከስብ ጋር ይመጣል፤ በካንሰሩ ግን እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይጎድላሉ። ካንሰሩን ጤነኛ ነው ብሎ ማለፍ በሽተኛውን ይጎዳል፤ ጤነኛውን ካንሰር ነው ብሎ መቁረጥም በፓሮቲድ ውስጥ የሚያልፈውን የፊት ነርቭ ለአደጋ ያጋልጣል።