ዳገቱን ያላየ ነዳፊ



አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለአምባሰል ገደላማ መንገድ የድጋፍ ግንብ እንዲነድፍ ቢታዘዝ፣ ቁመቱንና ጭነቱን ተቀብሎ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ዓይነት ንድፍ ያቀርባል። ይህ መሐንዲሱን ከብዙ አሰልቺ ሥራ ያሳርፈዋልና የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በነሐሴ ውሃው ከየትኛው ስንጥቅ እንደሚፈልቅ፣ በሐይቅ ዳርቻ ያለው አፈር ሲረጥብ ምን ያህል እንደሚላላ ካልተነገረው አያውቅም፤ እንዲያውም የጎደለውን በግምት ሞልቶ ንድፉን የተሟላ ሊያስመስል ይችላል። ከግንቡ ጀርባ ተጠራቅሞ መውጫ ያጣ ውሃ ደግሞ ከአፈሩ ጋር ተደርቦ ግንቡን ይገፋል። በ1953 ዓ.ም. ከሐይቅ በስተደቡብ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፍረሱም ከስሌቱ ሊቀር አይገባም። ለፈረሰ ግንብ የሚጠየቀው መሣሪያው ሳይሆን ፈራሚው መሐንዲስ በመሆኑ፣ ከፊርማው በፊት አፈሩን ማስቆፈርና የአምባሰልን ገበሬ ስለ ጎርፉ መንገድ መጠየቅ ይኖርበታል።