ልዩ እትምና የግምገማ ዳኝነት



በተጋባዥ አዘጋጅ የሚወጣ ልዩ እትም የተበታተነውን ምርምር በአንድ ርእስ ሥር ስለሚያሰባስብ ጠቀሜታው የታወቀ ነው። ሆኖም ጸሐፊዎቹን የሚጋብዘው ሰው ዳኝነቱንም ብቻውን ከያዘ አደጋ ይከተላል። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ8,000 የሚበልጡ ጽሑፎችን ሰርዟል፤ አብዛኞቹ በልዩ እትሞች የወጡ ሲሆኑ፣ ዋነኛው ምክንያት የግምገማው ሂደት መጭበርበሩ ነበር።

ስለዚህም ልዩ እትም እንዲዘጋጅ ሐሳብ የሚያቀርብ ምሁር ርእሱንና የጸሐፊዎቹን ስም መዘርዘሩ ብቻ አይበቃም። ገምጋሚዎቹ እንዴት እንደሚመረጡ፣ የጥቅም ግጭት ሲነሣ ማን እንደሚወስን፣ የራሱንም ጽሑፍ ማን እንደሚዳኝ አስቀድሞ ይግለጽ። ዋናው አዘጋጅም የመጨረሻውን ውሳኔ ለእንግዳው አሳልፎ አይስጥ። ያልበቃ ጽሑፍ ገብቶበት ከሚወፍር፣ እትሙ ሳስቶ ቢወጣ ይመረጣል።