ስለ ሠፈራችን ከያንያንና ስለ ርዳታ ገንዘብ አሰባሰብ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «ለርዳታ ገንዘብ ስለ ማሰባሰብ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የድሮውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» ተብለን ስለ ታዘዝን እነሆ ቆመናል። እኛ የመዝገብ ቤት ሰው ነን። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ኖርን እንጂ ንግግር አልተማርንም። ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ብንል ይቅርታ ይደረግልን።

እንደሚታወቀው ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያን የመጣ ነው። በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፣ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ታዲያ እኛ ጸሐፊዎቹ «ሠፈሩ ከስሙ ጀምሮ የኛ ነው» እያልን እንቀልድ ነበር። ነገር ግን ካዛንቺስን በአገሩ ሁሉ ያስጠራው ጸሐፊ አይደለም፤ አዝማሪ ቤቱ ነው። ቀን ቀን እኛ ክራቫት አስረን ወደ ሥራ ስንወጣ እነሱ ይተኛሉ፤ ማታ እኛ ስንተኛ ማሲንቆው ይጀምራል። እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍ ነሡን ብለን ለቀበሌ አቤቱታ የጻፍንበት ጊዜም አለ። አቤቱታውን በእጃችን የጻፍነው እኛው ነን።

ዛሬ የምንነግራችሁ ከነዚህ አዝማሪዎች መካከል ስለ አንድ ባለማሲንቆ ነው። ስማቸውን አንጠራም፤ የቀድሞ ነዋሪዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገር። እኒህ ሰው ከእኛ በሰባት ዓመት ይበልጡ ነበር። እኛ ግን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ብለናቸው አናውቅም። «አንተ፣ ና እስቲ አንድ ግጥም ተቀበል» ነበር የምንላቸው። አዝማሪ ናቸዋ! ዛሬ እንኳ እርስዎ ብለን እንጨርስ ብለን ነው።

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ረኀብ የማያስታውስ ሽማግሌ የለም። ጥቅምት 13 ቀን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከኮረም ያሳየው ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ፤ በኅዳር ወር የለንደን ዘፋኞች፣ በጥር ወር ደግሞ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው ሸክላ አሳተሙ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ባንድ ቀን ያ ታላቁ ትርዒት ተደረገ። ይህን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የእኛ ከያንያን «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም ባሕር ተሻግረው በየአገሩ እየዞሩ በሙዚቃ ምስጋና አቀረቡ። ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ከያኒ ሕዝብ ሲቸገር መነሣቱን ከለንደን የተማርነው የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ሀገር ፍቅር ዛሬ ቲያትር ቤት ይሁን እንጂ በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ማኅበር ነበር። ጣልያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን እንዲቀሰቅስ ነበር የተቋቋመው፤ ማሲንቆ የያዙ አዝማሪዎችም እዚያ ቆመው ዘፍነዋል። እንግዲህ ነገሩ የቆየ ነው።

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። በዚያው በ1977 ዓ.ም. የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ለተራቡት ወገኖች አንድ ዝግጅት አደረገ። መግቢያው አንድ ብር ነበር። አዳራሹ ሞላ እንጂ ኪሱ ባዶ ነው፤ ያን ጊዜ ማን ምን ነበረው? የኪነት ቡድኑ ልጆች ዘምረው ጨረሱ፤ ትንሽ ድራማም አሳዩ፤ ገንዘቡ ግን ከመግቢያው በቀር አልነቃነቅ አለ። ከዕድራችን የተዋስነው ትልቁ ብረት ድስት መሐል አዳራሽ ተቀምጦ የተጣለበት ሳንቲም ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ባለማሲንቆው ያን ጊዜ ተነሡ። በፕሮግራሙ ላይ አልነበሩም፤ ከኋላ በር ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር።

ሰው መሐል ገቡና ከእያንዳንዱ ፊት እየቆሙ ግጥም ይቀበሉ ጀመር። ሥጋ ሻጩ የቸረውን፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ያለችውን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር የፈራውን ሁሉ እየተቀበሉ በማሲንቆው መለሱት። ሰው ሣቀ፤ ቀጥሎም አለቀሰ፤ ቀጥሎም ግንባራቸው ላይ ብር መለጠፍ ጀመረ። እንደ ምታውቁት በልማዱ ግንባር ላይ የተለጠፈው የአዝማሪው ነው፤ የዕለት እንጀራው ነው። እሳቸው ግን ከግንባራቸው እያነሡ ወደ ድስቱ ይጥሉት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ። የቆጠርነው እኛ ነን፤ 1,143 ብር ከ65 ሳንቲም ሆነ። ለዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ገቢ ሆኖ ደረሰኙ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ለኪነት ቡድኑ የምስጋና ወረቀት ተሰጠ። ለሳቸው አልተሰጠም፤ የቡድኑ አባል አልነበሩማ።

በ1979 ዓ.ም. እኒህ ሰው ዕድር ለመግባት ጠየቁን። መዝገቡ ዛሬም ከእኛ ዘንድ ስላለ ትናንት ማታ አውጥተን አየነው። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «አመልካቹ በቀበሌው የተመዘገበ የቤት ቁጥር የሌለውና የሚያድረውም በመጠጥ ቤት ጓዳ በመሆኑ በደንባችን አንቀጽ 4 መሠረት ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።» ጽሕፈቱ የእኛ ነው። አራት ነጥቧን ሳይቀር አሳምረን ነው የጻፍናት። የቤት ቁጥር ያልነበራቸው ግን ከአባሎቻችን መካከልም ነበሩ፤ ከዘመድ ቤት ተጠግተው የገቡ፣ እኛው ራሳችን የመዘገብናቸው። ስለዚህ ምክንያቱ ቁጥሩ አልነበረም። አዝማሪ አብሮን ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል ወይ? የሚለው ነበር። ይህንን በቃለ ጉባኤ አልጻፍነውም።

ዓመታት አለፉ። በ2009 ዓ.ም. መምህርታችን ታመመች። እዚህ ተቀምጣ ስለምትሰማን ፈቃዷን ጠይቀናል። ሁለቱም ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። የኩላሊት እጥበት ምን እንደ ሆነ ያኔ ነው ያወቅነው፤ ሰውየው ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ይህም እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው። አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ ሞት ነው። የወር ደመወዟ ለአንድ ሳምንት እጥበት ቢበቃ ነው። የዕድራችን ደንብ ደግሞ ብትሞት ገንዘብ እንድንሰጣት ያዛል፤ እንዳትሞት ግን ሳንቲም አይፈቅድም። አንዲት እናት በስብሰባው ላይ «ታዲያ ትሙትና እንርዳት?» አሉ። ያች ንግግር ናት ያስነሣችን።

በኤድስ ጊዜ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን እያሻሻሉ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው እንደ ነበር ይታወሳል። እኛ ያን ጊዜ ቸል ብለን ነበርና በዚህ ጊዜ ደንብ ለማሻሻል ጊዜ አልነበረም፤ ዝግጅት ይደረግ ተባለ። የሠፈራችን የማስታወቂያ ሰዓሊ፣ ያ የሱቅና የፀጉር ቤት ታፔላ ሲጽፍ የኖረው፣ የአደይ አበባ ሥዕል ሠርቶ አመጣ። ሥዕሉ ለጨረታ ቀረበ፤ ያሸነፈው ነጋዴ ከፍሎ «እንደገና ይሸጥ» ብሎ መለሰው፤ ሁለተኛውም መለሰው፤ አራት ጊዜ ተሸጠ። ድፎ ዳቦውም እንዲሁ። ከአዝማሪ ቤቶቹ ስድስት ከያንያን መጡ፤ እኛ ባለማሲንቆውም መጡ፤ ሰባ ገደማ ሆኗቸው፣ ዓይናቸውም ደክሞ። ሠፈሩን ከለቀቁ ቆይተው ነበር፤ ሾላ አካባቢ ከአንድ ዘመድ ጋር ተጠግተው ይኖሩ ነበር። የጠራቸውም የለም፤ ሰምተው መጡ።

ሒሳቡን እንናገር። አንዳንድ ሰው «ለበጎ ሥራ የተደረገ ነገር ሒሳቡ ምን ይነበባል» ይላል። ይነበባል! ለበጎ ሥራ ሲሆንማ ነው ይበልጥ የሚነበበው። ጠቅላላ ገቢ 96,400 ብር። ወጪ 21,750 ብር፤ ይኸውም የአዳራሽ፣ የመግቢያ ካርድ ማሳተሚያ፣ የጄኔሬተርና የድምፅ ማጉያ ኪራይ። የተጣራ 74,650 ብር፤ ለመምህርታችን ገቢ ሆነ። ለሰባት ሳምንት ገደማ እጥበት በቃ፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረቻቸው ልጆች ከየመሥሪያ ቤቱ እያሰባሰቡ አቆዩአት። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሮ ስለ ነበር ወንድሟ አንድ ኩላሊቱን ሰጣትና ዛሬ ከፊታችን ተቀምጣለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዲህ ያን የወጪ ዝርዝር ደግመን ስናየው አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ። ለድምፅ ማጉያው 6,000 ብር ከፍለናል። በድምፅ ማጉያው ለዘፈኑት ሰዎች ግን የታክሲ እንኳ አልሰጠንም። ካርዱን ያተመው ተከፈለው፣ ወንበሩን ያከራየው ተከፈለው፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ጠጣ። ከያኒው ግን የሚበላ አይመስለንም። «ለበጎ ሥራ ነው» ስንለው እምቢ ማለት እንደማይችል እናውቃለን። ባለማሲንቆው ያን ሌሊት እስከ ሾላ በእግራቸው መሄዳቸውን የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው። ቤቱን ሲያደምቁ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ሲወጣ በምን ሊሄድ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም ገንዘብ ቆጠራ ላይ ነበርን።

እኒህ ሰው በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ዐረፉ። የዐረፉት ለጥየቃ በመጡበት በዚያው በአዝማሪ ቤቱ ጓዳ ነው። አባል አይደሉምና ድንኳን አልወጣም። ድንኳኑ የነበረበት ዕቃ ቤት ከዚያ ጓዳ መቶ እርምጃ አይርቅም፤ ቁልፉም በእኛ ኪስ ነበር። ሬሳ ሣጥኑን የገዙት አዝማሪዎቹ ናቸው፤ የሌሊቱን ገቢያቸውን አዋጥተው። ለፋፊያችን ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በማለዳ ተነሥቶ ማንም ሳያዝዘው ጥሩምባውን ነፋ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሠፈሩን ዞሮ በአራቱም ማዕዘን ነፋው። ሰው «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ፤ የወጣውም ሰው ወደ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሸኛቸው። እኛም ሸኘን።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ተሰበሰበ። የስብሰባው አጀንዳ አንድ ነበር፤ «አባል ላልሆነ ሰው ስለ ተነፋ ጥሩምባ»። ለፋፊው ለምን ይህን እንዳደረገ ሲጠየቅ «በ77 ድስቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ባዶውንም አይቻለሁ፤ ሙሉውንም አይቻለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለወደፊቱ እንዳይለመድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ማስጠንቀቂያውን የጻፍነው እኛ ነን። ልናወርሰው የማንፈልገው ወረቀት ቢኖር ይህ ነው፤ ግልባጩ ግን ከፋይሉ አልወጣም፤ እንዲወጣም አንጠይቅም።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመጣለን። በ2017 ዓ.ም. ሠፈራችን ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ከፊሎቻችን ገላን ጉራ ገባን፤ ከፊሎቻችን ወደ ልጆቻችን ቤት ሄድን፤ ሌሎቻችን በኪራይ ተበተንን። ዕድሩ ግን አልፈረሰም፤ ይኸው ሁለት አውቶቡስ ለውጠን መጥተን ተሰብስበናል። ታዲያ ደንቡን አንብቡት። አንቀጽ 4 አልተለወጠም። «አባል የሚሆነው በቀበሌው የተመዘገበ የቤት ቁጥር ያለው ነዋሪ ነው» ይላል። በዚህ ደንብ መሠረት ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድም አባል የለም። እኛም፣ ዳኛውም፣ ገንዘብ ያዡም ባለማሲንቆውን በመለስንበት ቁጥር ተመልሰናል ማለት ነው። እዚህ ያመጣን የቤት ቁጥር አይደለም፤ ለቅሶ አብረን የተቀመጥን፣ ድስት አብረን ያነሣን መሆናችን ነው። በዚህ ሚዛን ከሆነማ እሳቸው ከብዙዎቻችን በፊት አባል ነበሩ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለጉባኤው እናቀርባለን። አንደኛ፣ አንቀጽ 4 ተሰርዞ ሁለት አባላት የሚመሰክሩለት ሰው ሥራውና አድራሻው ሳይጠየቅ ይመዝገብ። ከአዝማሪ ቤቶቹ የቀሩትና የተበተኑት ከያንያን ቢፈልጉ የመግቢያ ክፍያ አይጠየቁ፤ መግቢያውን በ1977 እና በ2009 ከፍለዋል። ሁለተኛ፣ ለርዳታ ዝግጅት ስናደርግ የከያንያኑ መጓጓዣና እራት እንደ አዳራሹና እንደ ጄኔሬተሩ በወጪ ይያዝ። አንቀበልም ካሉ የነሱ ፈቃድ ነው፤ እኛ ግን አስቀድመን በፖስታ አድርገን እንስጥ። ሦስተኛውን ለመናገር ትንሽ እናፍራለን፤ ለፋፊያችን የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ መሻሩ በቃለ ጉባኤ ይያዝልንና ለልጁ በደብዳቤ ይገለጽለት። ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን። እጃችን ቢንቀጠቀጥም ይነበባል።

የማሻሻያው ረቂቅ ተባዝቶ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይገኛል። ማንበብ የማትችሉ ወገኖች ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወደ እኛ ብትመጡ እናነብላችኋለን። ድምፅ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ መጓጓዣ የሚያስቸግራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ድምፃችሁን በጽሑፍ መተው ትችላላችሁ።