ድንኳኑን የት እንትከል?



የመጣሁት ስለ ጉዞው ልናገር ነው። ለመስቀል ቤተሰብ ይዘን ጉንችሬ እንሂድ ሲባል በጣም ደስ ካላቸው አንዷ እኔ ነኝ፤ የእናቴ አገር ነው። የማደሪያ ቦታ ጉዳይ ሲነሣ ግን አብዛኛው ሰው «ወንዝ ዳር ይሁን» አለ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ መኪና እስከ ውሃው ጫፍ ይገባል። ያምራል። እኔ ደግሞ ወንዝ ዳር አንደር ልላችሁ ነው የቆምኩት። ስሙኝና ከዚያ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ከአዲስ አበባ ጅማ ስንመላለስ፣ ወልቂጤን አልፎ አውቶቡሱ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ ትዝ ይላችኋል? እስከዚያ ድረስ «መስኮት ዝጉ፣ ንፋስ ይመታናል» ሲል የነበረው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ራሱ ተነሥቶ ይከፍታል። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በዋቤ በኩል ወደዚያ ሙቀት ይወርዳል፣ ግቤ ይገባል፣ ግቤም ኦሞ ይሆናል። እኛ የምንዝናናበት ወቅት፣ ማለትም ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ የወባ ትንኝ የምትራባበትም ወቅት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር። ይህን ለሐኪሞቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን አውቆ መርሳትም አለ። ምስክሯ እኔ ነኝ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እዚያው አካባቢ ወንዝ ዳር አደርን። አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አጎበር ይዘናል፤ መኪና ውስጥ ቀረ፤ ማን አውርዶ ይስቀለው! ከ11 ቀን በኋላ የ7 ዓመቱ ልጄ አተኮሰው። ከተማው በሙሉ ጉንፋን ነበር፣ እኔም ጉንፋን ነው አልኩና ፓራሲታሞል ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ሻል አለው። በሦስተኛው ሌሊት ስጠራው ዐይኑን ገልጦ አያየኝም። ይዘነው ስንሮጥ፣ የተቀበለችን ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ወጣ ብላችሁ ነበር?» ብላ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማስተምረው ጥያቄ! የራሴን ልጅ ግን አልጠየቅኩትም። ፋልሲፓረም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። እኔ ግን ያቺን ነርስ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ፦ ከጉዞው በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ልጅም አዋቂም ካተኮሰው፣ የዚያኑ ቀን ደም ይመርመር። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን ወባን የሚያውቅ ሰውነት የላቸውም። ከውጭ የምትመጡ ስለ መከላከያው መድኃኒት ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ እዚህ ደርሳችሁ «ምን እንዋጥ?» ብትሉ ይዘገያል።

ሁለተኛው ውሃው ራሱ ነው። ሸለቆው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ ሌሊቱን ሊዘንብ ይችላል። የሐምሌ 1998 መጨረሻን የድሬዳዋ ሌሊት የማያስታውስ የለም፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ያን ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በቀጣዩ ነሐሴ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ኦሞ ማለት እኮ ይኸው የኛው ግቤ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ቴክሳስን አትረሱትም። ጁላይ 4 ቀን 2025 ከንጋት በፊት የጓዳሉፔ ወንዝ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 8 ሜትር ያህል ጨመረ። ወንዙ ዳር የልጆች የክረምት ካምፕ ነበረ፣ ተንቀሳቃሽ ቤቶች የቆሙበት ሜዳም ነበረ። በአካባቢው ከ130 በላይ ሰዎች አለቁ። ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ራዳር ባለበት አገር። «መኪና ውስጥ ነን፣ ነድተን እንወጣለን» የሚል ካለ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ከሆነ ላንድክሩዘሩም አይቀርም። በዚያ ላይ ጭቃው አለ።

ጉማሬን ልጨምር? ግቤ ላይ ጉማሬ አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ያ የወደዳችሁት ለጥ ያለ ሣር የእሱ ገበታ ነው።

ታዲያ የት እንደር? መልሱን ከኛ በፊት የጉራጌ አባቶች መልሰውታል። ቤታቸው የት እንዳለ እዩ። ከላይ፣ እንሰቱ ጓሮ ካለበት፣ ጀፎረው ካለፈበት ነው። ጀፎረ ለማታውቁት፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ከብት ሣሩን ያሳጥረዋል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይዋልበታል፣ ደመራ ይደመርበታል። ገፍቶ ማጠር ነውር ነው። እስቲ ለቤተሰብ ማደሪያ ከዚህ የተሻለ ምን ትፈልጋላችሁ? ሜዳ ነው፣ ከፍታ ላይ ነው፣ አንድ ልጅ ሌሊት ቢታመም ጮኸን የምንጠራው ሰው ዙሪያችንን አለ። ትንኟም ከታቹ ታንሳለች፤ አጎበሩ ግን አይቀርም፣ ዘንድሮ ራሴ ነኝ የማወርደው።

ጀፎረ ግን ባለቤት አለው። ሽማግሌዎቹን ሳናስፈቅድ አንዲት ካስማ አንተክልም። ለቅሶ ካለ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። መኪና ሣሩ ላይ አይወጣም፤ የረጠበ ሣር ላይ ጎማ የሚተወው ቦይ በአንድ ክረምት አይድንም። ከውጭ የምትመጡ «አር ቪ» የምትሉትን ባለ አልጋና ባለ ማብሰያ መኪና ለምዳችኋል፤ እዚህ የሚገኘው ጣሪያው ላይ ድንኳን የታሰረበት መኪና ወይም ወንበሩ የተነሣለት ሚኒባስ ነው፣ መብራት የሚሰካበት ቦታም የለም። ከጥርጊያው ዳር እናቆማቸዋለን፣ አፍንጫቸውን ወደ መውጫው አዙረን። ከባሕር ዛፍ ሥርም አይሁን፤ ቅርንጫፉ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወድቀው።

ሌሊቱ ይበርዳል። እዚህ ላይ ተቆጥቼ ልናገር፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ በጭራሽ! ጢሱ ስለጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከድካም የተኛ ቤተሰብ በዚያው ሲቀር አይቻለሁ። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ልጆቹን አቅፋችሁ ተኙ።

ወንዙን አልከለከልኳችሁም። ቀን እንወርዳለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሣለን። ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ልጆች እንዳይገቡ፤ ቢልሃርዚያ በቆዳ ነው የሚገባው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እንወጣለን። ስለ ክትፎው ምንም አልልም፣ በመስቀል የጉራጌ ቤት ገብቶ «ይብሰልልኝ» የሚል ካለ ከእኔ ጋር እንዳይቀመጥ ብቻ። የኮሶ መድኃኒት እይዛለሁ።

የወባ መመርመሪያም እይዛለሁ። ስም የምትመዘግበው እህታችን በሩ አጠገብ ናት፤ የልጆቻችሁን ዕድሜና ስንት አጎበር እንዳላችሁ ንገሯት። ጀፎረውን ለማስፈቀድ አጎቴ ጋር የምሄደው በሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ ከእናንተ ሁለት ሰው ቢከተለኝ፣ በተለይ ከታላላቆቻችን አንድ ሽማግሌ ቢኖር፣ ንግግሩ ይቀላል።