የእንባ ጎዳናና የመሐንዲሱ ድርሻ



በካናዳ ምዕራብ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር፣ ከፕሪንስ ጆርጅ ከተማ ተነሥቶ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት ወደብ የሚዘልቅ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መንገድ አለ። በካርታ ላይ ስሙ አውራ ጎዳና 16 ነው። በአካባቢው የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ግን «የእንባ ጎዳና» ይሉታል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አያሌ ሴቶችና ልጃገረዶች በዚህ መስመር ተገድለዋል፤ የገቡበት ሳይታወቅ የቀሩም አሉ። አብዛኞቹ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ናቸው።

መንገዱን አንድ የመንገድ መሐንዲስ ቢመረምረው በአስፋልቱ ላይ ይህን ያህል እንከን አያገኝበትም። የጎደለው በላዩ የሚመላለስ ነገር ነበር። መኪና የሌላት ልጃገረድ ወደ ሐኪም ቤት ወይም ወደ ሥራ ለመሄድ ከመንገድ ዳር ቆማ ሊፍት ከመጠየቅ በቀር ምርጫ አልነበራትም፤ የተሳፈረችበት መኪና ነጂ ክፉ ሰው ቢሆን ደግሞ በተራሮቹ መካከል ስልክ አይሠራም ነበር። የሟቾቹ ዘመዶችና የመንደር ተወካዮች በማርች 2006 በፕሪንስ ጆርጅ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ 33 የውሳኔ ሐሳቦች ቀረቡ። ከእነዚህም አንዱ መንደሮቹን የሚያገናኝ አውቶቡስ እንዲመደብ የሚጠይቅ ነበር። አውቶቡስ መመደብ የምሕንድስና እንቆቅልሽ አይደለም። ሆኖም አገልግሎቱ የተጀመረው በ2017 ነው። 252 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ስልክ የማይሠራበት ርቀት የሚሸፍኑ ማማዎች ለመትከልም ስምምነት የተደረሰው በ2021 ነበር። ለአሥራ አንድና ለአሥራ አምስት ዓመት የታጣው የቴክኒክ ዕውቀት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ሌላው የጎደለው ቁጥር ነበር። የካናዳ ነባር ሕዝቦች ሴቶች ማኅበር ከየቤተሰቡ እየጠየቀ፣ ከየጋዜጣው እየለቀመ እስከ 2010 ድረስ 582 የተገደሉና የጠፉ ሴቶችን መዘገበ። የፌዴራሉ ፖሊስ በ2014 የፖሊስ መዝገቦችን ሲያገላብጥ፣ ከ1980 እስከ 2012 ባለው ዘመን ውስጥ 1,181 ሆነው ተገኙ። ያልተቆጠረ ነገር በጀት አይያዝለትም፤ ስለዚህ ቆጠራውን ራሳቸው ሴቶቹ ጀመሩት።

በኦገስት 2014 ዊኒፔግ ከተማን አቋርጦ ከሚያልፈው ከሬድ ወንዝ የአንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ አስከሬን ወጣ። ወዲያውም የከተማው ነዋሪዎች በጀልባ ሆነው፣ መንጠቆና ሰንሰለት እየጎተቱ የወንዙን ወለል ማሰስ ጀመሩ። ባለሙያ ነኝ ባይ በመሣሪያቸው ይስቅ ይሆናል፤ የተሻለ መሣሪያ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ሙያውን የሚነካው በ2022 በዚችው ከተማ የደረሰው ነው። አንድ ሰው አራት የነባር ሕዝቦች ሴቶችን ገደለ፤ በ2024ም ተፈረደበት። የሁለቱ አስከሬን ከከተማው በስተሰሜን በሚገኘው በፕሬሪ ግሪን የቆሻሻ ማከማቻ እንደሚገኝ ፖሊስ ቢያምንም፣ ጊዜው አልፏል፣ ቆሻሻውም ተጨፍልቋል በማለት ፍለጋ እንደማያካሂድ አስታወቀ። ልጆቻቸውና ዘመዶቻቸው ግን ድንኳን ተከሉ፤ በ2023ም በሌላው ማከማቻ በር ላይ መንገድ ዘጉ። በነባር ሕዝቦች መሪዎች ጥረት የተካሄደው ጥናት በዚያው ዓመት ሲወጣ፣ ፍለጋው ሊሠራ እንደሚችል፣ ከ84 እስከ 184 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር እንደሚያስወጣ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት እንደሚፈጅና የአስቤስቶስ አደጋ እንዳለበት ገለጸ።

በአማርኛ እንዲህ ያለውን ሰነድ የአዋጭነት ጥናት ማለት ተለምዷል፤ ቃሉ መቻልን ሳይሆን ትርፍን የሚጠይቅ ይመስላል። የወቅቱ የክፍለ ሀገሩ መንግሥትም ሰነዱን በዚህ ዓይን አነበበው። የሠራተኞችን ጤና ምክንያት አድርጎ እምቢ አለ፤ እምቢታውንም የምርጫ ቅስቀሳ አደረገው። ቤተሰቦቹ ግን ከዚያው ሰነድ «ይቻላል» የሚለውን አነበቡ። በኦክቶበር 2023 ምርጫ ያ መንግሥት ተሸንፎ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆኑት ዋብ ኪኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2024 የፌዴራሉና የክፍለ ሀገሩ መንግሥታት በነፍስ ወከፍ 20 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። ከተቆፈረው ቆሻሻ የተወሰደው ወደ አዳራሽ እየተጋዘ፣ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች በእጅ ይፈትሹት ጀመር። ሥራው በዲሴምበር ከተጀመረ ሦስት ወር ሳይሞላ የሰው አካል ተገኘ፤ በማርች 2025 የሁለቱም ሴቶች ማንነት ተረጋገጠ። አደጋው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን አደጋ መከላከያ ሊበጅለት የሚገባ የሥራው ክፍል እንጂ ሥራውን ላለመጀመር በራሱ በቂ ምክንያት አይደለም።

ቤተሰቦቹ ለብዙ ዓመታት ሲወተውቱ ከኖሩ በኋላ የተቋቋመው አገር አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን በ2019 የመጨረሻ ሪፖርቱን ከ231 የፍትሕ ጥሪዎች ጋር አቅርቧል። አንዱ ምዕራፍ በቀጥታ የሚናገረው ለማዕድን፣ ለነዳጅና ለልማት ድርጅቶች ነው። ከሩቅ የመጡ፣ ደመወዛቸው የረባ፣ ቤተሰብ አጠገባቸው የሌለ ብዙ ወንዶች በአንድ ካምፕ ሲሰፍሩ በአካባቢው ሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት እንደሚጨምር ኮሚሽኑ ከምስክሮች ሰምቷል። የካምፑን ሥፍራ የሚመርጠው፣ ከመንደሩ ያለውን ርቀት የሚለካው፣ የሠራተኛውን ማመላለሻ መስመር የሚያወጣው መሐንዲሱ ነው። ለውኃው፣ ለፍሳሹና ለነዳጅ ማከማቻው ዝርዝር መመዘኛ ይጽፋል፤ አጥሩን ተሻግራ ስላለችው ሴት ግን ብዙ ጊዜ አንድ መሥመር አይጽፍም። ኮሚሽኑ የጠየቀው ይህ መሥመር እንዲጻፍ ነው፤ ይኸውም ፕሮጀክቱ ከመጽደቁ በፊት በሴቶች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት እንዲጠና፣ ደኅንነታቸውም ከዕቅዱ እስከ ሥራው ፍጻሜ በየደረጃው እንዲታይ ነው።