ከአንድ ቤት የመጡ በሽተኞች


እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ወዳለው ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል 9 ሕፃናት ሆዳቸውን ታመው መጡ። ሁሉም የአንድ መዋያ ልጆች ናቸው። ሊስቴሪያ የተባለው የምግብ ተሕዋስ አገሪቱን ካስጨነቀ ወራት ቢያልፉም ምንጩ ገና አልታወቀም ነበር። ሐኪሞቹ ግን አክመው በመሸኘት አልተወሰኑም፤ ጠርጥረው ለብሔራዊው የተላላፊ በሽታዎች ተቋም አስታወቁ። የአካባቢ ጤና ሠራተኞችም ወደ መዋያው ሄደው ከማቀዝቀዣው ፖሎኒ የሚባለውን ቋሊማ ለምርመራ ወሰዱ፤ ፍለጋው ፖሎክዋኔ ካለ ፋብሪካ አደረሳቸው። ማርች 4 ቀን ምንጩ ለሕዝብ ተነገረ። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ከ1000 በላይ ሰው ታሞ፣ ከ200 በላይ ሞቷል።

ይህን የምንተርከው ደቡብ አፍሪካን ለማወደስ አይደለም፤ እዚያም ዘግይቷል። እኛ የምንጠይቀው ስለ አገራችን ነው፦ የአምቡላንስ ሠራተኛ በሌሊት ከአንድ ቤት ሦስት በሽተኛ ቢያነሣ፣ ሲነጋ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚነግራት ማነው?